«በሥፍራው» እና «በሥራ ላይ»፦ ስለ ካታሊስት ጥናት ስያሜዎች አተረጓጐም

በቅርቡ ለአስተያየት የቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ፣ በሌላ ቁስ ገጽ ላይ የተነጠፉ የብረታ ብረት ኦክሳይዶች ኬሚካዊ ለውጥን ሲያፋጥኑ በኤክስሬይ ስፔክትሮስኮፒ የሚጠኑበትን ዘዴ ያስረዳል። ዐማርኛው የጠራ ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚው «ኢን ሲቱ» እና «ኦፔራንዶ» የተባሉትን ሁለት ሙያዊ ቃላት ያለ ልዩነት «በሥፍራው» ብሎ ስለ ተረጐማቸው፣ የጽሑፉ ዋና ክርክር ከአንባቢው ተሰውሯል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ከኀይል ማመንጫ ጭስ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአሞኒያ አማካይነት ለማስወገድ ከሚያገለግሉት ካታሊስቶች አንዱ በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ የተነጠፈ የቫናዲየም ኦክሳይድ ነው። ይህ ቁስ በተራ አየር ውስጥ ሲቀመጥ እርጥበት ይስባል፤ በገጹ ላይ ያለው ቫናዲየም ከውሃው ጋር ተያይዞ አቀማመጡን ይለውጣል። ሲሞቅ ውሃው ይለቀዋል፤ አቀማመጡም እንደገና ሌላ ይሆናል። እንግዲህ ጠረጴዛ ላይ ቀዝቅዞ የተመረመረው ናሙና፣ በምድጃው ውስጥ የሚሠራው ራሱ ነው ለማለት አይቻልም። «ኢን ሲቱ» ናሙናው ከሙቀቱና ከጋዙ ሳይወጣ መመርመሩን ይናገራል፤ ከዚያ በላይ የሚለው የለም።

«ኦፔራንዶ» ግን ተጨማሪ ግዴታ አለበት። ኤክስሬዩ በናሙናው ላይ ባለበት በዚያው ጊዜ፣ ከካታሊስቱ የሚወጣው ምርት ዐብሮ መለካት ይኖርበታል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቫናዲየም 5465 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ላይ የሚውጠው ኤክስሬይ በድንገት ያሻቅባል፤ ቫናዲየሙ ኦክስጅን ሲያጣ ይህ የመዝለያ ነጥብ ወደ ዝቅተኛው ኀይል ይሸሻል። ነገር ግን የሚታየው የአቶሞቹ ሁሉ አማካይ ነው። ከመካከላቸው የትኛው ሠራተኛ፣ የትኛው ተመልካች እንደ ሆነ ምርቱ ጐን ለጐን ካልተለካ አይለይም። በ2002 እ.ኤ.አ. አካባቢ ስፔናዊው ኬሚስት ሚጌል ባኛሬስና ባልደረቦቻቸው አዲሱን ስያሜ ማስተዋወቃቸው ይህን ለመለየት ነበር።

የላቲኑ «ኦፔራንዶ» ከዐማርኛው «እየሠራ» ጋር ይቀራረባል። ሆኖም የእኛው ቅርጽ «እየሠራ፣ እየሠራች፣ እየሠሩ» እያለ ከባለቤቱ ጋር ስለሚታሰር ለስያሜነት አይመችም። እኛ «በሥራ ላይ ጥናት» የሚለውን እንመርጣለን። ሐረጉ ዐዋጅና ደንብ «በሥራ ላይ ዋለ» የሚለውን ያስታውሳል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ «ዋለ» ከሌለ ግን «ሰውየው ሥራ ላይ ነው» ሲባል የሚገባን ትርጉም ይበልጣል። «በሥፍራው» ለ«ኢን ሲቱ» ብቻ ይቆይ።

ረቂቁ ኦክሳይዱ የሚነጠፍበትን ቁስ «ተሸካሚ» ይለዋል። ይህም ያከራክራል። አህያ ጤፍ ብትሸከም ጤፉን አትለውጠውም። ቫናዲየም ኦክሳይድ ግን ሜታኖልን ወደ ፎርማልዲሃይድ ሲለውጥ፣ በቲታኒየም ኦክሳይድ ላይ ያለው በሲሊካ ላይ ካለው በብዙ እጥፍ ይፈጥናል። ከታች ያለው ቁስ የሥራው ተካፋይ ስለ ሆነ «ደጋፊ» የተሻለ ነው፤ የእግር ኳሱን ደጋፊ ቢያስታውስም ጕዳት የለውም።

«ራጅ»ን በተመለከተ ግን ከተርጓሚው ጋር አንስማማም። ሕዝቡ «ራጅ ተነሣሁ» ሲል የሚያስበው የአጥንት ሥዕል ነው። ይህ መሣሪያ ኀይሉ በተለዋወጠ ቁጥር የተዋጠውን የኤክስሬይ መጠን ይመዘግባል፤ ውጤቱም በወረቀት ላይ የተሰመረ ጠማማ መሥመር ነው። ስለሆነም እዚህ «ኤክስሬይ» ይባል፤ «ራጅ» ለሐኪም ቤት ይቅር።