ሰውነት ያውጣ፣ ስክሪን ይቀበል

ውዝዋዜን ከዲጂታል ምስል ጋር አዋህዶ የሚሠራ ባለሙያ ካሜራ ከመምረጡና ሶፍትዌር ከመማሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ በሥራው ውስጥ የሚያወጣው ማን ነው? የሚቀበለውስ? በዘፈናችን ልማድ አውጪ ያወጣል፤ ተቀባዮች በጭብጨባና በድምፅ ይቀበላሉ፤ ተወዛዋዡም የሚሞቀው ተቀባይ ሲያገኝ ነው። በብዙ የሙዚቃ ክሊፖቻችን ላይ የምናየው ግን የተገለበጠ ሥርዓት ነው። ኤዲተሩ ያወጣል፣ ሰውነት ይከተላል። እስክስታው ከትንፋሽ ተነሥቶ ደረትን፣ ትከሻንና አንገትን ሳያዳርስ ምስሉ ይቆረጣል፤ ተመልካቹም ጫፉን ያያል እንጂ አመጣጡን አያይም። በዚህ ሙያ ዕድሜውን ሊያሳልፍ ለሚፈልግ ሰው የሚበጀው መርሕ፣ በእኔ እምነት፣ ሰውነት እንዲያወጣና ስክሪን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ለዚህም የላስታ ምድር በቂ ማስረጃ ይሰጠናል።

በላስታዋ ላሊበላ የገና ዕለት፣ ታኅሣሥ 29፣ በቤተ ማርያም የሚቀርበውን ቤዛ ኵሉ የተሰኘ ዝማሬ ከአሠራሩ አንጻር እንየው። ቤተ ክርስቲያኑ ከዐለት ወደ ታች የተፈለፈለ በመሆኑ ግቢው ከዙሪያው መሬት ዝቅ ያለ ነው። ካህናቱ ከላይ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው የዐለት ጠርዝ ላይ ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች በግቢው ቆመው ከእነሱ ጋር እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። መቋሚያው፣ ጸናጽሉ፣ ከበሮውና ሽብሸባው ሙሉ ትርጉም የሚያገኙት በሁለቱ ረድፎች መካከል ባለው ከፍታና ርቀት ነው። ካሜራ አንድን ካህን ብቻ አቅርቦ ቢያነሣ ያማረ ምስል ያገኛል፤ ቅብብሎሹ ግን ያመልጠዋል። በነሐሴም ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ የላስታ ልጃገረዶች ወገባቸውን በአሸንድዬ ቅጠል አስረው ይወጣሉ፤ አሸንድዬ የሚባለው ይህ ጨዋታ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። አንዷ ስታወጣ ጓደኞቿ በከበሮና በጭብጨባ ይቀበሏታል። ጭብጨባው ከሌለ የቀረው እንቅስቃሴ እንጂ ጨዋታ አይደለም።

መሣሪያዎቻችን ደግሞ ለዚህ ዓይነቱ ጥበብ ታስበው አልተሠሩም። በስልክ ላይ ሳይቀር የሚሠራው የጉግል ሚዲያፓይፕ የሰውን አካል በ33 ነጥቦች ይከታተላል። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ ፊት ላይ ያርፋሉ፤ ለእያንዳንዱ ትከሻ የተመደበው አንድ ነጥብ ነው፤ ለደረትና ለጀርባ ምንም አልተተወም። እስክስታ የሚኖረው ግን እዚያው ባዶ በተተወው ቦታ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀርጽ ካሜራም ፈጣኑን የትከሻ ምት ብዥ አድርጎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ 50 ወይም 100 ፍሬም ያስፈልጋል። ስክሪኑ ለእንቅስቃሴ መልስ ለመስጠት ጥቂት ከዘገየ ምቱ ይሰበራል፤ ዘግይቶ የሚያጨበጭብ ተቀባይ ጨዋታውን እንደሚያበላሸው ማለት ነው። እነዚህን ጉድለቶች ለይቶ የሚያውቀው እስክስታን በራሱ ደረትና ትከሻ የተማረ ሰው ነው። ያልተማረው ሶፍትዌሩ የሚያየውን ብቻ ያያል፤ ተወዛዋዡንም ለሶፍትዌሩ በሚመች እንቅስቃሴ ላይ ይገድበዋል።

ማሽኑ ቢያወጣ አዲስ ነገር አይገኝም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ለዚህ ጠንካራው ምሳሌም አሜሪካዊው ኮሪዮግራፈር መርስ ከኒንግሃም ነው። ዕድሜው 70 ገደማ ሲሆን ላይፍፎርምስ በተባለ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መንደፍ ጀመረ፤ ሰውነት በራሱ የማያስባቸውን ቅርጾችም አገኘበት። ይሁን እንጂ ከጀርባው የአሥርት ዓመታት የሰውነት ሥራ ነበረው፤ በስክሪን የነደፈውንም ተወዛዋዦቹ በገዛ አካላቸው ይፈትኑት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረበው ባይፔድ በተሰኘው ሥራ መድረኩ ላይ የታዩት የብርሃን ምስሎች የተገኙት አስቀድሞ ከተወዛዋዦች አካል በተቀዳ እንቅስቃሴ ነው። የእሱ የሥራ ዘመን የሚያስተምረን ማሽኑ ሐሳብ ሊያቀብል እንደሚችል፣ ዳኛው ግን ሰውነት መሆኑን ነው።

ሽብሸባ አምልኮ ነው፣ ለስክሪን ጥበብ ጥሬ ዕቃ ሊሆን አይገባም የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ትክክል ነው። ባለሙያው ከቤዛ ኵሉ ሊማር የሚገባው ቦታና ድምፅ እንዴት እንደሚቀባበሉ ነው፤ ሥርዓቱን ቆርጦ ወደ መድረክ ማምጣት የእሱ ድርሻ አይደለም፤ ለቀረጻም የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሌላው ተቃውሞ መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ዲጂታል ጥበብ ቅንጦት ነው የሚል ነው። በ2013 ዓ.ም. መገባደጃ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ላሊበላ ሲደርስ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ተቋርጠው ስለነበር ነገሩ ለአካባቢው ሰው ሩቅ አይደለም። ይህ ግን ክርክሬን ያጠናክረዋል። ስክሪን የሚያወጣበት ሥራ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ሰውነት የሚያወጣበት ግን በከበሮና በጭብጨባ ይቀጥላል። ለላስታ የሚሆን ሥራ በስልክ ባትሪ የሚሠራና ኢንተርኔት የማይጠብቅ መሆን አለበት።

ተስፋ የሚሰጡ መንገዶች አሉ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካን አድርጎ የዐለቱን ቅርጽ መዝግቧል፤ በዐለቱ መካከል የሚኖረውን የሰው ቅብብሎሽ መመዝገብ ግን የእኛ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው አዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ለተንቀሳቃሽ ምስል ጥበብ መድረክ ከፍቷል፤ ተወዛዋዡ መላኩ በላይም ፈንድቃ በተባለው የባህል ማዕከሉ ተወዛዋዥና ሙዚቀኛ ፊት ለፊት እየተቀባበሉ ሙሉ የሙያ ሕይወት ሊገነባ እንደሚችል አሳይቷል። በስልካችሁ ይህን ሙያ ለምትጀምሩ ወጣቶች የማሳስበው ይህን ነው፦ ከኤዲቲንግ በፊት ማጨብጨብን ተማሩ፤ ከቀረጻ በፊት የአሸንድዬ ልጃገረዶችንና የቤተሰባቸውን ፈቃድ ጠይቁ፤ የቀረጻችሁትንም መጀመሪያ ለእነሱ አሳዩ። እነሱ የእኛ ነው ያላሉትን ሥራ ለሌላ ተመልካች አታቅርቡ።