ስለ ታይመስ በሚነገሩ ሙያዊ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

አንድ ሙያዊ ቃል ብቃቱ የሚለካው በመዝገበ ቃላት ዐምድ ውስጥ ብቻውን ሲቆም ሳይሆን፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ተሰልፎ አንድን ጽንሰ ሐሳብ ሲያስረዳ ነው። ስለዚህ «ኢንፌክሽንና ኢንፍላሜሽን በታይመስ ውስጥ የሚካሄደውን የተከላካይ ሕዋሳት ዕድገት ያውካሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለመፈተኛ ወስደን፣ በአማርኛ የሕክምና ጽሑፎችና ንግግሮች ውስጥ የሚሠራባቸውን አቻ ቃላት እንመርምር።

ታይመስ ከደረት አጥንት ኋላ፣ ከልብ በላይ የሚገኝ አካል ነው። ከአጥንት መቅኔ የሚመጡ ጥሬ ሕዋሳት በዚያ በስለው ቲ ሕዋሳት ይሆናሉ። ዣክ ሚለር በ1961 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ገና እንደ ተወለዱ ታይመሳቸው የወጣ አይጦች በሽታን መቋቋም ይሳናቸዋል። «ቲ» የተባለው ፊደል የተወሰደው ከዚሁ አካል ስም ስለ ሆነ፣ ለታይመስ አገርኛ ስያሜ መፍጠር የሁለቱን ዝምድና መበጠስ ይሆናል፤ ስሙ እንዳለ ይቆይ።

ችግሩ «የታይመስ ዕጢ» ሲባል ይጀምራል። «ዕጢ» በአማርኛ ጤናማውንም አካል፣ በሽታ ሆኖ የሚያድገውንም እባጭ ይጠራል። በበደሳ አንድ የጤና ባለሙያ ይህን ቃል ለእናት ቢነግር፣ ብዙ ጊዜ ወደ አፋን ኦሮሞ ደግሞ መመለስ ይኖርበታል፤ በአማርኛው የነበረው ብዥታ በሁለተኛው ትርጉም ይባባሳል። ልጇ ደረት ውስጥ «ዕጢ አለ» የተባለች እናት የምትሰማው የሞት ማስጠንቀቂያ ነው። ስለዚህ «ታይመስ» ብቻውን ይበቃል።

ለኢንፌክሽን «ልክፍት» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ግን በሕዝብ ዘንድ የርኩስ መንፈስን ንክኪ ያስታውሳል። «መመረዝ» ደግሞ መርዝን ከተሕዋስያን ጋር ይቀላቅላል። «ማመርቀዝ» የቈየ ቁስል የደረሰበትን ሁኔታ ይገልጻል እንጂ ተሕዋስያን ወደ ሰውነት የሚገቡበትን አይገልጽም። ለኢንፍላሜሽን ግን ሕዝቡ ራሱ መንገድ ጠርጓል፤ መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና መታመም ሲታዩ «ቁስሉ ተቆጣ» ይላል። «በገነ» የሚለው ግሥም ንዴትንና መቃጠልን ያጣመረ በመሆኑ «ብግነት» የሚለው ስያሜ ተስማሚ ነው።

ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት የዐረፍተ ነገሩን ሐሳብ ያጠፋዋል። ተሕዋስያን ታይመስን ሳይነኩ፣ በሳንባ ወይም በአንጀት የተነሣ ብግነት ብቻ ከኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች የሚመነጩ ሆርሞኖችን ያበዛል፤ እነዚህም በታይመስ ያሉትን ጥሬ ሕዋሳት ይገድላሉ። ተሕዋስያኑ ታይመስ ውስጥ ሲገቡ ግን ሌላ አደጋ አለ፤ በአይጦች ላይ እንደ ታየው፣ በዚያ የሚበስሉት ሕዋሳት ጠላትን እንደ ወገን ሊቈጥሩ ይችላሉ። ስለዚህ ኢንፌክሽን ብድር ቃል ሆኖ ቢቀጥል፣ ብግነትም ከጎኑ ቢቆም ልዩነቱ ይጠበቃል።

ተርጓሚዎች «አዎንታዊ ምርጫ» እና «አሉታዊ ምርጫ» የሚሏቸውም ቃል በቃል የተገለበጡ ናቸው። በመጀመሪያው የሰውነትን መለያ ማንበብ የሚችሉ ሕዋሳት ይተርፋሉ፤ በሁለተኛው የገዛ ሰውነታቸውን የሚያጠቁ ይወገዳሉ። «አሉታዊ» ክፉ ነገር ያስመስለዋል፤ ሥራው ግን ሰውነትን ከገዛ ሠራዊቱ ማዳን ነው። «ማቆየት» እና «መንቀል» ቢባሉ፣ ማሳ ያረመ ሁሉ ይረዳቸዋል።

«መመንመን» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ታይመስ በዕድሜ ምክንያት ቀስ በቀስ መመንመኑ የተፈጥሮ ነው። በበሽታና በረኀብ የሚደርስበት መጠን መቀነስ ግን ከሕመሙ በኋላ ሊያገግም ስለሚችል «መክሳት» ቢባል ይሻላል። ምዕራብ ሐረርጌ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነበር፤ በምግብ እጥረት የሚከሳ ሕፃን ታይመሱም አብሮ ይከሳል፣ በሽታም በቀላሉ ይደጋግመዋል። «መነመነ» የተባለች እናት ተስፋ ትቈርጣለች፤ «ከሳ» የተባለች ግን ልጇ ታክሞና ተመግቦ እንደሚያገግም ትረዳለች።

እንግዲህ ታይመስ፣ ኢንፌክሽን፣ ብግነት፣ ማቆየት፣ መንቀል፣ መክሳትና መመንመን በአንድነት ተመዝግበው፣ እያንዳንዱም ከሌላው የሚለይበት ፍች ቢሰጠው፣ የፈተናው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የቃላት ዝርዝር አዘጋጆችም ከመወሰናቸው በፊት ቃላቱ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲሻገሩ ምን እንደሚሆኑ ቢመረምሩ ሥራው የተሟላ ይሆናል።