ሳይፈቱ ማወቅ

ከአጎቴ የወረስኳት ያማሃ ዲቲ 125 በፈረንጆቹ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠራች ናት። አጎቴ የግብርና ባለሙያ በነበረበት ጊዜ የጎጃምን ጭቃ የዞረው በእሷ ነው። ዘንድሮ አንድ ጠባይ አመጣች። ጠዋት በአንድ ምት ትነሳለች፤ ከደብረ ማርቆስ ወጥቼ የአማኑኤል ከተማን መንገድ ሳጋምስ ድርግም ትላለች። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሲበርድላት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ትነሳለች። ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት። አንዱ ካንዴላ ቀየረ፤ ሌላው ካርቡሬተር አጥቦ አዲስ ቦቢና አስገዛኝ። ጠባይዋ እንዳለ ነው።

ሦስተኛው መካኒክ ዕድሜው ስድሳን የተሻገረ ሰው ነው። መፍቻ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

«ስትጠፋ እየተንተፋተፈች ነው ወይስ እንደ አምፖል ቁርጥ?»

«ቁርጥ ነው ጋሼ።»

«ዝናብ ላይ ይብስባታል?»

«ኧረ አይደለም፤ ስትሞቅ ነው።»

ነዳጅ ያጠረው ሞተር ይጎተታል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ነው የሚጠፋው። እሳት ያጣ ሞተር ግን ስንብት አያውቅም። ሰውየው በሁለት ጥያቄ ግማሹን ሞተር ከተጠርጣሪነት አወጣው።

ቀጥሎ ራሱ ወጣባትና የሰፈሩን ዳገት አመላለሳት፤ እስክትጠፋበት ድረስ። ስትጠፋ እየገፋ፣ እያለከለከ ጥላ ውስጥ አስገባት። ትኩሳቷ ሳይበርድ መያዝ ነበረበት። እንደኔ ግምት የቀደሙት ሁለቱ የተሸነፉት እዚህ ላይ ነው፤ ደህና የሆነችን ሞተር ፈተው ነው በሽታ የፈለጉት።

ካንዴላውን አወጣ። ጫፉ የተቆላ ቡና ቀለም አለው፤ አልረጠበም፣ ጥላሸትም አልያዘም። «ነዳጇ ደህና ነው» አለ። ወደ ማጥፊያው የሚሄደውን ሽቦ ነቀለና ሞከረ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ ካንዴላውን የሲሊንደሩ ራስ ላይ ማሳ አስያዘና የእግር ማስነሻዋን መታ። ጥላው ውስጥ ባይሆን ኖሮ ብልጭታውን ባላየሁት ነበር፤ ቀጭን፣ ቢጫ፣ የፈራ። ስትቀዘቅዝ ሰማያዊ ሆኖ ጠሽ የሚለው ያው ብልጭታ ነው።

የጎን ክዳኗን ከፍቶ ከሞተሩ ጋር በሚሽከረከረው ቮላኖ መስኮት በኩል ፑንቲናዎቹን አሳየኝ። ሁለት ጥቃቅን የብረት ገጾች ናቸው። በተላቀቁ ቁጥር በእነሱ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በድንገት ይቋረጥና ቦቢናው ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይወለዳል። ቱ ስትሮክ ሞተር በየዙሩ እሳት ይፈልጋል፤ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ፑንቲናው በሰከንድ 100 ጊዜ ይላቀቃል ማለት ነው። ከእኔዋ አንደኛው ገጽ ላይ ጉድጓድ፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ትንሽ ኮረብታ በቅሏል። ብረቱ ከአንዱ ተነስቶ ወደ ሌላው ተሻግሯል። ይህን የምትከላከለው የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክለው ኮንደንሰር ነበረች፤ እሷ ስትሞቅ ስትደክም ለካንዴላው የሚገባው ጉልበት ፑንቲናው ላይ ተቃጥሎ ይቀራል።

ቮላኖውን በፑለር አወጣው፤ መዶሻ ወደዚያ አልቀረበም። ግማሽ ጨረቃ የምትመስለውን ቁልፉን ብርሃን ላይ አገላብጦ አየና ጨርቅ ላይ አስቀመጣት። ከቮላኖው ሥር አሮጌዋን ኮንደንሰር በካውያ አላቅቆ አዲሷን በየደ። ካውያውን ሊዱ ላይ አላሳረፈም፤ ሽቦውን አሙቆ ሊዱ ራሱ እንዲፈስለት ጠበቀ። ብየዳው ከምስር ፍሬ አይበልጥም፣ ያበራል። ሽቦውን ደግሞ ቮላኖው እንዳይፈትገው ወደ ውስጥ አጠፈው። ይህን ማንም አያየውም፤ ክዳን ይሸፈንበታል።

ፑንቲናዎቹን በስስ ሞረድ አስተካከለና ቮላኖውን ቦታው መለሰ። ክፍተታቸው ከ0.30 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። እሱ በ0.35 የመለኪያ ቅጠል ለካ፤ ቅጠሉ ሲገባ ትንሽ ያዝ እንዲያደርገው እንጂ እንዲጣበቅ አልፈለገም። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ ሰዓት መሳይ መለኪያ አስገባ፤ ፑንቲናዎቹ መላቀቅ ያለባቸው ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ፑንቲናዎቹ መሃል የሲጋራ ወረቀት አጣብቆ ቮላኖውን በጭራሽ በማይታይ እርጋታ አዞረው። ወረቀቱ ሲለቅ መለኪያውን አየ። አልጣመውም። ሦስት ጊዜ ደገመው።

በሁለተኛው ምት ተነሳች። አላስረከበኝም፤ ዳገቱን እንደገና አመላለሳት፣ እስክትግል። በማግስቱ አማኑኤል ደርሼ ተመለስኩ።

አሮጌ ያማሃ ያላችሁ ሰዎች፣ ካንዴላና ቦቢና ከመግዛታችሁ በፊት ሞተራችሁ እንዴት እንደጠፋ ለመካኒኩ በደንብ ንገሩት። ሳይጠይቃችሁ መፍቻ ካነሳ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ።