የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?

ሰሞኑን አንድ የጋዜጣ ዜና ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ዒላማቸውን ለይተው ስለሚመቱ አዳዲስ የካንሰር መድኃኒቶች የሚያወራ ነው። ገበያው ያድጋል፤ ኩባንያዎቹ ያተርፋሉ፤ ባለአክሲዮኖች ይደሰታሉ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን «የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማነው?» እያልኩ አስጨንቃቸው ነበር። ይህን ዜና በዚያው ጥያቄ ብፈትነው መልሱ «ገበያው» ሆነ። ሕመምተኛው ባለቤት መሆኑ ቀርቶ ተሳቢ እንኳ አልሆነም። በሽተኛ የሌለበት የመድኃኒት ዜና ሙሽራ የሌለበት ሠርግ ማለት አይደል?

መድኃኒቶቹን ማጣጣሌ እንዳይመስላችሁ። እስቲ ግሊቬክን ብቻ ላንሳ። ሲኤምኤል በሚባለው የደም ካንሰር የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ከዚህ የሚፈጠረው ፕሮቲን ሴሎቹን ያለማቋረጥ «ተባዙ» ይላቸዋል። የቀድሞው ኬሞቴራፒ ጤነኛውንም በሽተኛውንም ሴል አብሮ ያጭዳል፤ ግሊቬክ ግን ያንን ፕሮቲን ለይቶ አፉን ይይዘዋል። አሜሪካ በግንቦት 1993 ዓ.ም. ስትፈቅደው ዓለም ጉድ ያለው በከንቱ አልነበረም።

ስለ ገበያ ካወራን አይቀር ግን ታሪኩን ከሥሩ እናውራው። ተመራማሪው ብራያን ድረከር መድኃኒቱ በሰው ላይ እንዲሞከር ሲወተውቱ ኩባንያው ኖቫርቲስ አመንትቶ ነበር። በሽታው ብርቅ ነው፤ ገዢው ጥቂት ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ከዚሁ መድኃኒት 4.7 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ። ለምን ቢሉ፣ ሕመምተኞቹ አልሞቱም፤ ኪኒኑን በየቀኑ፣ ለዓመታት ዋጡ። ዋጋውም አላረፈም፤ በአሜሪካ ሲጀመር በዓመት 30 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው በ2012 ወደ 92 ሺህ ወጣ። በማግስቱ ዓመት ከመቶ በላይ የበሽታው ሐኪሞች «በዛ!» ብለው በጋራ ጻፉ። እንግዲህ ያን ሁሉ ገበያ የፈጠረው የሰዎቹ መኖር ነው። ዜናው የረሳው ደግሞ እነሱኑ ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ኩባንያው ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 በጀመረው ፕሮግራም በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ብዙ ወገኖቻችን መድኃኒቱን በነጻ አግኝተዋል። ምስጋና ይገባል። ግን «በነጻ» የሚለው ቃል የት ድረስ ነው የሚሄደው?

እኔ የቡራዩ ሰው ነኝ። እህቴን ጠይቄ ከሱሉልታ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ልጃቸው በዚህ ኪኒን እንደሚኖር አጫወቱኝ። አንድ ሰሞን የታክሲ አጥተው ቀጠሮ አለፋቸው፤ ልጁም ዐሥር ቀን ሳይውጥ ቀረ። «መድኃኒቱስ ነጻ ነው ጋሼ፤ ነጻ ያልሆነው መንገዱ ነው» አሉኝ። ይህ ኪኒን በየቀኑ ካልተዋጠ በሽታው ያገረሻል፤ መድኃኒቱንም ሊለምደው ይችላል። እንጦጦን መሻገር ታዲያ የሕክምናው አካል አይደለም ትላላችሁ?

ሌላም ነገር አለ። ዒላማ የሚመታ መድኃኒት ዒላማውን የሚያሳይ ምርመራ ይፈልጋል። ለጡት ካንሰር የሚሰጠው ትራስቱዙማብ የሚጠቅመው ኸርቱ የተባለው ፕሮቲን በዕጢዋ ላይ ለበዛባት ሴት ነው፤ ይህም ከአምስት አንዷን ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። የዝርዝሩ ስም ግን ሰበታ ያለችውን ሴት አይመረምራትም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት በሥሩ ተጠቃልለዋል። ለሹሞቹ የምለው አጭር ነው፤ ምርመራው ከተማ ይሁን፣ ኪኒኑን ግን ለሕመምተኛው በአቅራቢያው አድርሱለት። ለጋዜጠኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ፦ የመድኃኒት ዜና ስትጽፉ ገበያውን ጻፉ፣ ግን ማን ተመረመረ፣ በስንት ብር፣ ከየት መጥቶ የሚለውን አትዝለሉ።

እኔ ብሆን ዜናውን እንዲህ እጀምረው ነበር፦ የሱሉልታው ልጅ ኪኒኑን ዛሬም ዋጠ። ባለቤቱ የታወቀ ዓረፍተ ነገር ነው።