የጉሮሮ ስቴንት መመሪያና የወሎ ቦረና በሽተኛ

የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኤንዶስኮፒ ማኅበር በ2021 እ.ኤ.አ. ስለ ምግብ ቧንቧ ስቴንት ያወጣውን የተሻሻለ መመሪያ በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን። ነቀርሳ ምግብ ቧንቧንና አየር ቧንቧን ሲበሳ ፊስቱላ፣ ማለት ሁለቱን የሚያገናኝ ቀዳዳ ይከፈታል። መመሪያው ይህ ቀዳዳ በሚዘረጋ የብረት ስቴንት እንዲደፈን ይመክራል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ውሃውም ምራቁም ወደ ሳንባ ይወርዳልና።

ነቀፌታችን ከዚያ በኋላ ስላለው ነገር ነው። መመሪያው የሚናገረው ለሐኪም ነው። ስቴንቱ ቢንሸራተት በኤንዶስኮፕ የሚመልስ፣ ነቀርሳው አድጎ ቢዘጋው ሁለተኛ የሚጨምር ሰው በቅርብ እንዳለ ያህል ነው። ከመካነ ሰላም እስከ ደሴ ግን 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከወግዲ ወይም ከሳይንት ገጠር የሚነሣውማ ከዚህም የከበደ መንገድ አለበት። እንግዲህ ችግሩን መጀመሪያ የሚያየው ሐኪሙ ሳይሆን አስታማሚው ነው።

አስታማሚው ሊያውቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ የሁለቱ ችግሮች የመጀመሪያ እርዳታ ተቃራኒ መሆኑን ነው። ፊስቱላ የሌለበት ሰው ጉርሻ ስቴንቱ ላይ ቢቀርበት መብላቱን አቁሞ ፈሳሽ ቀስ እያለ እንዲጎነጭ ይነገረዋል። ፊስቱላ የተደፈነለት ሰው ግን ሲጠጣ ሳል ከጀመረው፣ ስቴንቱ ተንሸራቶ ወይም በጠርዙ በኩል ቀዳዳው ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ውሃም፣ አጥሚትም፣ ጠበልም ሆነ ዘምዘም በአፉ ሊገባ አይገባም፤ ቀና ብሎ ተቀምጦ በቶሎ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ዘመድ ደግሞ የሚሳለውን ሰው ሲያይ የሚያቀርብለት ውሃ ነው።

ሦስተኛው ችግር ከመንገድ በፊት መታየት ያለበት ነው። ስቴንቱ ሲዘረጋ አየር ቧንቧን ሊጫን ስለሚችል፣ አየር ቧንቧው አስቀድሞ መመርመር፣ ጠቦ ከተገኘም ለእርሱ አስቀድሞ ስቴንት ማግባት ያስፈልጋል። በሽተኛው መካነ ሰላም ከገባ በኋላ ትንፋሹ ቢያፏጭ፣ ይህን ማሰብ ዘግይቷል።

የገጠር ሆስፒታል ይህን ሥራ አይችልም የሚል ቢኖር፣ በኬንያ ደጋ ቦሜት የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ስቴንት ስላገባላቸው 951 በሽተኞች በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጥናት ይመልከት።

ስለዚህ በበኩላችን የምንጠይቀው አዲስ መሣሪያ አይደለም። በሽተኛው ከመሰናበቱ በፊት «ሲጠጣ ካሳለው፣ በአፍ ምንም አትስጡ» የሚለው ቃል በአማርኛ ተጽፎ ይሰጠው፤ ጉርሻ ለሚያጎርሰውም ሰው በቃል ይነገረው፤ ያም ሰው መልሶ እንዲናገረው ይደረግ።