ቃሪያው ወይስ ቃሪያዋ? በአንድ ፎቶግራፍ ሒስ ውስጥ የሰዋስዋዊ ጾታ ምርጫ

ኤድዋርድ ዌስተን እ.ኤ.አ. በ1930 በካሊፎርኒያ ያነሣው «ቃሪያ ቁጥር 30» በግዑዝ ነገር ፎቶግራፍ ታሪክ በሰፊው ከሚታወቁት ሥራዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ «የፈረንጅ ቃሪያ» የሚባለው አትክልት ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ በሚቀዳበት ሾጣጣ ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጧል። ከቆርቆሮው የሚመለሰው ለስላሳ ብርሃን እጥፋቶቹን ሲከተል ተመልካቹ የጎበጠ ጀርባ፣ የተጠማዘዘ ትከሻ ያያል። ርእሱ ግን ስምና ቁጥር ብቻ ነው፤ ዌስተንም ሥራውን ከፍትወት ጋር የሚያያይዘውን ትርጓሜ አይቀበልም ነበር።

ስለዚህ ፎቶግራፍ በአማርኛ የሚጽፍ ሐያሲ ገና ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መምረጥ ይኖርበታል። ግዑዝ ነገር በመደበኛው አነጋገር ተባዕታይ ነው፤ አንስታይ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ማሳነስን ወይም ማቆላመጥን ያመለክታል። «ቃሪያው ጎብጧል» እና «ቃሪያዋ ጎብጣለች» የሚጠቁሙት አንድ ነገር ቢሆንም በተናጋሪውና በዕቃው መካከል የሚያስቀምጡት ርቀት ይለያያል።

«ቃሪያዋ» ስሜትን ወደ ሒሱ ለማስገባት አቋራጭ ይመስላል፤ ፎቶግራፉን ግን ይበድላል። ማሳነስ ትንሽነትን ይፈልጋል፤ እዚህ በመዳፍ የሚያዝ ነገር መጠኑን የሚለካ ጎረቤት አጥቶ፣ ክፈፉን ሞልቶ ሐውልት አክሏል። በዚያ ላይ አንስታዩ ቅርጽ አንባቢውን ወደ ሴት ገላ ይገፋዋል፤ የሚታየው ጀርባ ግን የወንድም ሊሆን ይችላል። «ቃሪያው» የሚሻለው ስሜት አልባ ስለሆነ ሳይሆን ስሜቱን ለብርሃኑ ስለሚተው ነው። ዌስተን ካነሣቸው በኋላ እንዲህ ያሉ አትክልቶችን ይበላ ነበር፤ ማዕድ ቤት ለገባችው «ቃሪያዋ» ቢባል ያስኬዳል።