መቀመጥን የለካው ልብስ

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ 16 ፈቃደኞች ለ8 ሳምንታት በየቀኑ ከሚያስፈልጋቸው በላይ 1,000 ኪሎ ካሎሪ እንዲበሉ ተደረገ። አንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ እንኳን አልሞላም፤ ሌላው ከ4 ኪሎ በላይ ጨመረ። ማን ብዙ፣ ማን ጥቂት እንደሚጨምር የጠቆመው ከስፖርት ውጭ ያለው የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴ ነበር፦ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ መቁነጥነጥ።

ይህን እንቅስቃሴ በቅጡ ለመለካት የክሊኒኩ ተመራማሪ ዶክተር ጄምስ ሌቪንና ባልደረቦቹ መለኪያዎች የተገጠሙለት የውስጥ ልብስ አዘጋጁ። የሥራው ውበት ያለው እያንዳንዱ መለኪያ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ወገብ ላይ ያለው እንቅስቃሴን ይመዘግባል። እሱ ብቻውን ግን ቆሞ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሶፋ ላይ ከተቀመጠው አይለይም፤ ሁለቱም ጸጥ ብለዋልና። ስለዚህ በግራና በቀኝ፣ በጎንና በጭን ላይ ዘንበል ማለትን የሚለኩ መሣሪያዎች ተጨመሩ። ሰው ሲቆም ጎኑም ጭኑም ቀጥ ይላሉ። ሲቀመጥ ጎኑ እንደቆመ ይቀራል፣ ጭኑ ይጋደማል። ሲተኛ ሁለቱም ይጋደማሉ። በቃ፤ ሦስቱ ተለዩ። ምዝገባው በየግማሽ ሴኮንዱ ስለሆነ በቀን 172,800 ጊዜ ይነበባል።

ልብሱን ስፖርት የማይሠሩ 20 ሰዎች ለ10 ቀናት ሌት ተቀን ለበሱት፤ 10ሩ ቀጭኖች፣ 10ሩ መጠነኛ ውፍረት ያላቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንዳሳየው ወፍራሞቹ ከቀጭኖቹ ይልቅ በአማካይ በቀን 2 ሰዓት ያህል አብልጠው ይቀመጡ ነበር። እንደ ቀጭኖቹ ቢውሉ ኖሮ በቀን 350 ኪሎ ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ያቃጥሉ ነበር።

ጥሩ ባለሙያ ግን እዚህ አያቆምም። ሰው የሚወፍረው ስለሚቀመጥ ነው ወይስ የሚቀመጠው ስለወፈረ? ተመራማሪዎቹ ቀጭኖቹን 4 ኪሎ ያህል አወፈሯቸው፣ ከወፍራሞቹም 8 ኪሎ ያህል አስቀነሱና ልብሱን መልሰው አለበሷቸው። የመቀመጥና የመቆም ልማዳቸው አልተለወጠም። ኪሎው ሲወጣና ሲወርድ ልማዱ ባለበት ከጸና፣ መቀመጡን ያመጣው ውፍረቱ ነው ማለት ያስቸግራል። 20 ሰው ጥቂት ነው፤ ጥያቄው ግን እንዲህ ተፈትኖ ሲጠራ ማየት ያስደስታል።

ዛሬ ብዙዎቻችን እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት አስረናል። ሰዓቱ ያለው እጅ ላይ ነው፤ ጭናችን መጋደሙን አያይም። ስለዚህ ማታ የእርምጃውን ቁጥር ስታነቡ፣ ቀኑን ስንት ሰዓት ተቀምጣችሁ እንደዋላችሁም አስሉ።